ጅቡ ማን ነው? ስለ ክፋት፣ ስለ ሐሜትና ስለ ተራ ሰው ጀግንነት



ልጆቻችን ከትምህርት ቤትና ከቤተ መጻሕፍት ይዘዋቸው ከሚመጡት መጻሕፍት፣ በቴሌቪዥንም ከሚያዩዋቸው ፊልሞች መካከል ስለ ጭራቅ፣ ስለ መንፈስና ሌሊት አውሬ ስለሚሆን ሰው የሚናገሩት ብዙ ናቸው። ሽፋናቸው ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ፍጥረት ተስሎ ይታያል። ይህን ያየ ወላጅ አንዱ «ተረት ነው፣ ይለፈው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው «እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ አይግባ» ብሎ ይከለክላል። ሁለቱም መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሳይጠይቁ ነው የሚፈርዱት። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ታሪክ እንደ ተራ ተረት የማለፍ መብት ያለን አይመስለኝም። ምክንያቱም አውሬ ስለሚሆን ሰው የሚነገረው ወሬ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ላይ ሲነገር ኖሯል። ወሬው በእነርሱ ላይ ያደረሰውንም እናውቃለን።

ስለዚህ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን መርጠን እንመልከት። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ተራ ሰው፣ ጉልበትም ሥልጣንም የሌለው ሰው፣ ክፋትን እንዴት ይዋጋል? ክፉውንስ ከንጹሑ በምን ይለየዋል?

መጽሐፉና ታሪኩ

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ሳይክል ኦፍ ዘ ወርዎልፍ» ይባላል። በእኛ አነጋገር «የሰው ተኩላው ዑደት» እንደ ማለት ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ስቲቨን ኪንግ ሲሆን ሥዕሎቹን የሣለው በርኒ ራይትሰን ነው። የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። አጭር መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ የታሰበው በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ሆኖ ለየወሩ አንድ ሥዕልና አንድ ትንሽ ታሪክ እንዲኖረው ነበር። ታሪኩ እየረዘመ ሲሄድ ወደ መጽሐፍነት ተለወጠ። አሥራ ሁለት ምዕራፎች አሉት፤ ከጃኑዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ ለየወሩ አንድ።

ጨረቃ ቆጥረው በዓል ሲያከብሩ የኖሩ ሽማግሌዎቻችን ይህን መጽሐፍ ቢያነቡ አንድ ስሕተት ወዲያው ያገኙበት ነበር። አውሬው የሚወጣው ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት ነው። ደራሲው ግን ሙሉ ጨረቃን በፌብሩዋሪ 14ም፣ በጁላይ 4ም፣ በዲሴምበር መጨረሻ ሌሊትም ያወጣታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም። ደራሲው ራሱም በመጽሐፉ ላይ ይህን አምኗል፤ ታዋቂ ከሆኑት በዓላት ጋር እንዲገጥምለት ብሎ የጨረቃን ቆጠራ እንዳዛባ ይናገራል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ጨረቃን እንኳ እንደ ፈቃዱ ያወጣል፣ ያገባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ በሜይን ግዛት፣ ታርከርስ ሚልስ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። በየወሩ አንድ ነገር ይገደላል። አንድ ወር የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ ሌላ ወር ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ሌላ ወር በነፋስ የሚበር ወረቀት ይዞ ሲጫወት የመሸበት ልጅ፣ አንዴም ሰው ሳይሆን የአንድ ገበሬ አሳማዎች። ከተማው በፍርሃት ይሞላል። ወንዶቹ ጠመንጃ ይዘው ጫካውን ያስሳሉ።

በዚህች ከተማ ማርቲ ኮስላው የሚባል የአሥር ዓመት ልጅ አለ። እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። አባቱ የስፖርት መምህር ነው። ልጁን ይወደዋል፤ ግን ሲያነጋግረው ድምፁ የውሸት ደስታ ይሞላበታል፤ ከአንጀቱ ሊያወራው አይችልም። በጁላይ የአገሪቱ በዓል ቀን በከተማው በፍርሃት ምክንያት ርችት እንዳይተኮስ ይከለከላል። የእናቱ ወንድም አል ልጁ እንዳያዝን ብሎ በድብቅ ጥቂት ርችት ይሰጠዋል። ማርቲ ሌሊት ብቻውን ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተኩስ አውሬው ይመጣበታል። ልጁ መሮጥ አይችልም። በእጁ የነበረውን ርችት ለኩሶ አውሬው ፊት ላይ ይወረውረዋል። የአውሬው ግራ ዓይን ይጠፋል፤ ልጁም ይተርፋል።

ማርቲ ያየውን ለፖሊስ ይናገራል። የከተማው ፖሊስ ግን ልጁ በድንጋጤ የተነሣ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ቆጠረው። ገዳዩ አንድ ዕብድ ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር። በሚቀጥለው ወር ፖሊሱ ራሱ ተገደለ።

ማርቲ ግን ያየውን አልረሳም። ወራት አለፉ። በኦክቶበር መጨረሻ፣ ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ ጣፋጭ በሚለምኑበት ምሽት፣ እርሱም ከሌሎቹ ጋር ወጣ። በየበሩ የሚያየውን የሰው ፊት ሁሉ እያጤነ ሳለ በአንዱ ቤት ደጃፍ ግራ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ ሰው አገኘ። ሰውየው ሌስተር ሎው ይባላል፤ የከተማው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነው። ሕዝቡ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ለጫካ የሚፈልገው አውሬ በየሳምንቱ በፊታቸው ቆሞ የሚሰብክላቸው ሰው ነበር።

ልጁ ለሰባኪው ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። መጀመሪያ ስሙን ሳይጽፍ፣ ማን እንደሆነ እንዳወቀበትና ከተማውን ለቅቆ እንዲሄድ ጻፈለት። ቀጥሎ የጻፋቸው ቃላት እየከረሩ ሄዱ፤ ሕይወቱን እንዲያጠፋ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ይህን እኛ ለልጆቻችን አርአያ አናደርገውም። በመጨረሻ ግን ማርቲ ስሙን ፈረመ። አጎቱንም ለምኖ ሁለት የብር ጥይት አሠራ፤ አጎቱም ግማሽ እያመነ፣ ግማሽ እየሣቀ እሺ አለው። በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት አውሬው መስኮቱን ሰብሮ ሲገባ ልጁ ተኩሶ ገደለው። ታሪኩ በዚህ ያልቃል።

የሌሊቱ አውሬና የቀኑ ሰው

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። በዚህ ታሪክ ክፋቱ የት ላይ ነው ያለው?

ብዙ አንባቢ «በጠጉሩ፣ በጥርሱ፣ በጥፍሩ ላይ ነው» ይላል። ሥዕሎቹም ይህን ያሳያሉ። ነገር ግን መጽሐፉን በደንብ ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ሎው አውሬ መሆንን አልመረጠም። እንዴት እንደጀመረው እንኳ በውል አያውቅም፤ አንድ ቀን ከለቀማቸው እንግዳ አበቦች ጋር የተያያዘ እንደሆነ ብቻ ይጠረጥራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሌሊት ያደረገውን ቀን አያስታውስም። እስከዚህ ድረስ እንደ ታመመ ሰው ልናዝንለት እንችላለን።

የማርቲ ደብዳቤ ሲደርሰው ግን ማን እንደሆነ በሚገባ ያውቃል። ያን ጊዜ ጠጉር የለበትም፤ ጥፍር የለበትም። ልብሱን ለብሶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በሙሉ የሰው አእምሮው ያስባል። ምን ያስባል? ሁሉ ነገር በአምላክ ፈቃድ የሆነ ስለሆነ እኔ አልጠየቅም ይላል። ቀጥሎም የሚያውቅበትን ልጅ አፉን ለዘለዓለም የሚዘጋበትን መንገድ ይፈልጋል። ለአንድ ሰው ሄዶ «እሰሩኝ፣ በሬን ቆልፉብኝ፣ ከእኔ ተጠበቁ» አላለም። እንዲህ ቢል ሌላ መጽሐፍ በሆነ ነበር።

እንግዲህ አውሬነቱ የሌሊት ነው፤ ኃጢአቱ ግን የቀን ነው። በሰውነቱ ላይ በመጣው ነገር ልንፈርድበት አይገባም። የምንፈርድበት ሰው ሆኖ ሳለ በመረጠው ነገር ነው፤ ይኸውም እውነትን ከመናገር ይልቅ ምስክሩን ማጥፋትን መምረጡ ነው። ክፉ ነገር የአምላክን ስም መሸሸጊያ ሲያደርግ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ይሆናል።

መጽሐፉ ይህን የሚያጠናክር አንድ ሌላ ሰው አለው። በከተማዋ ሚስቱን የሚደበድብ ባል አለ። ይህ ሰው ሙሉ ጨረቃ አያስፈልገውም። በየትኛውም ወር፣ በየትኛውም ቀን እጁን ያነሣል። ጎረቤት ያውቃል፤ ዝም ይላል። ጠመንጃ ይዞ የሚፈልገው የለም። ምክንያቱም ጥርሱ እንደ እኛ ጥርስ ነው። በኖቬምበር አውሬው ከከተማ ርቆ ይህን ሰው በአጋጣሚ ያገኘውና ይገድለዋል፤ ሚስቲቱም ከዱላ ታርፋለች። ደራሲው ይህን ያመጣው አውሬውን ለማመስገን አይመስለኝም። ሴቲቱን ከሥቃይ ለማዳን አንድ ጎረቤት ወይም አንድ ዘመድ ይበቃ ነበር። ሰው ዝም ስላለ አውሬ እስኪመጣ ተጠበቀ። ይህ ነገር በእኛም ሠፈር ቢሆን ልናስብበት የሚገባ ነው።

በእኛ ላይ የተነገረው ተረት

ይህን ሁሉ ያነበበ የእኛ ሰው ግን ልቡ ላይ አንድ ነገር ይከብደዋል። በአገራችን ሳለን ሌሊት አውሬ ይሆናል የሚባለው ሰው ማን ነበር? አውሬው ተኩላ ሳይሆን ጅብ ነበር። ሰውየውም አንጥረኛው ነበር፤ ሴቲቱም ሸክላ ሠሪዋ ነበረች። ቡዳ ይሉን ነበር። «ዓይናቸው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ» ይባል ነበር። ይህ ስም የተሰጠው ለቤተ እስራኤል ብቻ አይደለም፤ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል ብረት የሚቀጠቅጡና ሸክላ የሚሠሩ ሌሎች ወገኖችም ተጠርተውበታል። በእኛ ላይ ግን ከሃይማኖታችን መለየት ጋር ተደርቦ ይበልጥ ከበደ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቡዳ እምነት በሰፊው ጽፏል። ሐጋር ሰለሞን የተባለች እስራኤላዊት ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ እኛ ሕዝብ ላሳተመችው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» የሚል ርእስ የሰጠችው ከዚህ ወሬ ወስዳ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ የሚፈሩን ሰዎች ያለ እኛ መኖር አይችሉም ነበር። ርስት የተነፈገ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው ከአባቶቻችን እጅ ይገዛ ነበር። ምጣዱ፣ ጀበናው፣ እንስራው ከእናቶቻችን እጅ ይገዛ ነበር። ገበሬው በእኛ ማረሻ አርሶ፣ በእኛ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ በልቶ፣ ልጁ ሲታመም ግን «ቡዳ በላው» ብሎ ወደ እኛ መንደር ያይ ነበር።

አሁን አስተውሉ። በአገራችን ከሚነገሩት ወሬዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ሌሊት አንድ ጅብ በጦር ተወጋ፤ በማግስቱ አንጥረኛው ቆስሎ ተገኘ፤ ስለዚህ ጅቡ እርሱ ነው። ይህ ማስረጃ ማርቲ በሰባኪው ላይ ካገኘው ማስረጃ በምን ይለያል? ሌሊት የአውሬው ዓይን ጠፋ፤ ቀን ሰውየው አንድ ዓይና ሆኖ ተገኘ። አንድ ዓይነት ማስረጃ ነው!

የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ አውሬውንም፣ ቁስሉንም፣ ሰባኪውንም የፈጠረው ደራሲው ነው። ጨረቃን እንደ ፈቃዱ እንዳወጣት ሁሉ ማስረጃውንም እውነት እንዲሆን አድርጎ አወጣው። በእውነተኛው ሕይወት ግን ቁስልን ከወንጀል ጋር የሚያስማማ ደራሲ የለም። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑን ፍንጣሪ ይመታዋል፤ እጁን መዶሻ ይጨፈልቀዋል፤ እግሩ ላይ የጋለ ብረት ይወድቅበታል። በመንደሩ ውስጥ ቁስል የማይለየው ሰው ቢኖር አንጥረኛው ነው። ስለዚህ ሌሊት ጅብ በተወጋ ቁጥር ጠዋት የቆሰለ አንጥረኛ አይጠፋም። የሠራበትን ላብ ወንጀል አድርገው ቆጠሩበት።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። ሠልጥኛለሁ በሚለው በአውሮፓም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1589 በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ ከተማ አጠገብ ባለችው በቤድቡርግ፣ ፒተር ሽቱምፕ የሚባል ገበሬ ተኩላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ ተከሰሰ። በማሠቃያ መሣሪያው ፊት ሲቀርብ ሁሉን አመነ። እርሱን በአሰቃቂ ሁኔታ ገደሉት፤ ልጁንና አብራው የነበረችውንም ሴት ከእርሱ ጋር አቃጠሉ። ታሪኩ ከሥዕል ጋር በወረቀት ታትሞ ተሸጠ፤ በ1590ም በሎንዶን በእንግሊዝኛ ታተመ። ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ሰው አስፈሪ ሥዕል ይገዛ ነበር። ልዩነቱ፣ ያኔ በሥዕሉ ላይ የተገደለው እውነተኛ ሰው መሆኑ ነው።

እዚህ አገር ከገባን በኋላስ? እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 1996 ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲጣል እንደኖረ በጋዜጣ ወጣ። ምክንያቱ የኤድስ በሽታ ስጋት ነው ተባለ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ፤ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትዝሐቅ ናቮን ሰብሳቢነት ተቋቋመ። በሽታን መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ያቆሰለን ግን የእያንዳንዱ ሰው ደም በራሱ ሳይታይ የሰጪው ወገን ታይቶ መጣሉና ይህም በምስጢር መደረጉ ነው። አንድም ሰው ጅብ ብሎ አልጠራንም፤ ነገሩ ግን ከድሮው ወሬ ጋር ዝምድና ነበረው።

ምስክርና ሐሜተኛ በምን ይለያሉ?

እንግዲህ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ማርቲ ብቻውን ያየ ልጅ ነው። ኦሪታችን በሰው ላይ ለመፍረድ የአንድ ሰው ምስክርነት እንደማይበቃ፣ ሁለት ወይም ሦስት እንደሚያስፈልጉ ታስተምራለች። ታዲያ ብቻውን ያየ ሰው ዝም ይበል? ዝም ካለ ክፉው ይነግሣል። ከተናገረ ደግሞ «ቡዳ ነው» ከሚለው ሐሜተኛ በምን ይለያል? በእኔ አስተያየት በሦስት ነገር ይለያል።

አንደኛ፣ ምስክር የሚናገረው ስላየው ሥራ ነው፤ ሐሜተኛ የሚናገረው ስለ ሰው ዘር ነው። ማርቲ «ሰባኪዎች ሁሉ አውሬ ናቸው» አላለም፤ «ባፕቲስቶችን ተጠንቀቁ» አላለም። አንድ አውሬ አየ፣ አንድ ቁስል አደረሰ፣ አንድ ሰው ፈለገ። የቡዳ ወሬ ግን ገና ሕፃኑ ሳይወለድ፣ የአንጥረኛ ልጅ በመሆኑ ብቻ ስሙን ያዘጋጅለታል።

ሁለተኛ፣ ምስክር ይታገሣል፤ ሐሜተኛ ይቸኩላል። ልጁ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ዓይኑን ከፍቶ ቆየ። መጀመሪያ ባገኘው፣ በሚጠላው ወይም በማያምር ሰው ላይ ጣቱን አልቀሰረም። ሐሜተኛ ግን ሕመሙ ከመታወቁ በፊት በሽተኛውን ማን እንደበላው ያውቃል። ጥፋተኛውን አስቀድሞ ይይዝና ወንጀሉን ኋላ ይፈልግለታል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው፤ ምስክር ስሙን ይፈርማል። የማርቲ ደብዳቤዎች ስም ያልነበራቸው ያህል ጊዜ እነርሱም ከሐሜት ብዙ አይርቁም ነበር። ሰባኪው ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ እነዚያ ደብዳቤዎች እንዴት ያለ ግፍ በሆኑበት ነበር! ልጁ ስሙን በጻፈ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። «እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ያልኩትን ብያለሁ» አለ። ራሱን ለአደጋ ሰጠ። የጀግንነቱ ሰዓት ጥይቱን የተኮሰበት ሌሊት ሳይሆን ስሙን የጻፈበት ቀን ነው እላለሁ። «ቡዳ ነው» ብሎ በሕይወቱ ስሙን የፈረመ ሰው አለን? የለም። «ይባላል» ነው የሚባለው። «ሰው ይላል» ነው የሚባለው። ሐሜት አባት የለውም።

አንድ ሰው «ልጁ ግን በመጨረሻ ሰው ገደለ፤ ያለ ዳኛ ፈረደ» ሊል ይችላል። መቃወሚያው ከባድ ነው፤ ማቃለልም አይገባም። ኦሪት ሌሊት ቤት ሰብሮ ሲገባ በተገደለ ሌባ የደም ዕዳ እንደሌለ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ዕዳ እንደሚሆን ለይታ ታስቀምጣለች። ማርቲ ወደ ሰባኪው ቤት ሄዶ በቀን አልተኮሰበትም፤ መስኮት ሰብሮ የገባበትን ነው የመታው። ነገር ግን ፖሊሱ ልጁን በጁላይ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ የአሥር ዓመት ልጅ ሽጉጥ መያዝ ባላስፈለገው። ሕግ ሳይሰማ ሲቀር ልጅ ሽጉጥ ይይዛል። ይህ የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የአዋቂዎች ውድቀትም ታሪክ ነው።

ጥይቱን ማን ሠራው?

በታሪኩ ውስጥ ብዙ አንባቢ የማያስተውላት አንዲት ነገር አለች። አውሬውን የሚገድለው ብር ነው ይባላል። ብር ግን በራሱ ጥይት አይሆንም። እሳት የሚያነድ፣ የሚያቀልጥ፣ በልክ የሚያፈስ የእጅ ባለሙያ ያስፈልገዋል። በዚያ አገር ተረት የአንጥረኛው ሙያ ከአውሬው ያድናል፤ በእኛ አገር ወሬ ግን አውሬው ራሱ አንጥረኛው ነው። ሁለቱ ሕዝቦች አንድን እሳት አይተው አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው መርዝ አሉት። እሳቱ ግን አንድ ነው። ልጆቻችን ይህን ማወቅ ይገባቸዋል። አያቶቻቸው የሚያሳፍር ሥራ አልሠሩም፤ አገር የሚያርስበትን ሠሩ።

ሌላው የምናስተውለው ሰው አጎቱ አል ነው። እርሱም ጀግና አይደለም። ልጁን ሙሉ በሙሉ አላመነውም። ነገር ግን አልሣቀበትም ባይባልም አላባረረውም፤ ሰማው፤ የጠየቀውን አደረገለት። አንድ አዋቂ ግማሽ እምነት ሰጠው፤ ያም ግማሽ በቃ። አባቱ ከልጁ ጋር በአንድ ቤት እየኖረ ይህን ያህል አልቀረበውም።

በዚህ አገር ልጆቻችን ቋንቋውን ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ደብዳቤ ያነቡልናል፤ በየቢሮው ያስተረጉሙልናል። ስለዚህ እኛ የማናየውን ያያሉ፤ በትምህርት ቤት፣ በመንገድ፣ በአውቶቡስ ላይ የሚደርስባቸውንና የሚሰሙትን ብዙ ጊዜ ይዘውት ይቀራሉ። አባት ደክሞ ከሥራ ሲመጣ ሊያስቸግሩት አይወዱም። ልጅ «አየሁ» ሲል «ሕፃን ነህ፣ ዝም በል» ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ጨዋነት ሲቆጠር ኖሯል። ሽማግሌን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ እንዲጠፋም አንመኝም። ነገር ግን ልጅን መስማት ሽማግሌን መናቅ አይደለም።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ቤታችን ይግባ ወይስ አይግባ? ይህ የጠቀስነው መጽሐፍ ደም የበዛበት ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ለአደጉት ግን ከመከልከል አብሮ መጠየቅ ይሻላል። ልጁ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ያነበበውን በአማርኛ እንዲያጫውታችሁ ለምኑት። ሲያጫውታችሁም «አውሬው ማን እንደሆነ እንዴት አወቁ? በምን ማስረጃ? ያ ሰው ንጹሕ ቢሆን ኖሮስ?» በሉት። ከዚያም እናንተ ደግሞ ስለ ጅቡ ወሬ ንገሩት። ብዙ ወላጆች ይህን ታሪክ ከኀፍረት የተነሣ ይደብቁታል። ኀፍረቱ ግን የተናገሩት ሰዎች እንጂ የእናንተ አይደለም። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ በሌላው ወገን ላይ፣ በአዲስ መጤው ላይ፣ በመልኩ ወይም በሥራው በተለየው ሰው ላይ «እነርሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ሲባል ሲሰማ ቆም ይላል። «ማን አየ? ስሙን ማን ይፈርማል?» ብሎ ይጠይቃል።

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ያሳደገ ቤት የብር ጥይት አያስፈልገውም። ክፉን ሥራ ባየ ጊዜም ያው ልጅ ዝም አይልም፤ ያየውን በስሙ ይናገራል።

ለሁላችንም ሰሚ ጆሮና እውነተኛ አንደበት ይስጠን። ሰላም ሁኑ።